ሦስተኛው ቋጠሮ

ለአንድ ሰዓት ዐሥር ጉዳይ፣
የኬፕ ታውን ነፋስ አሸዋ አንሥቶ ፊት ላይ ሲረጭ፣
አውቶቡሳችን ይነሣል፤
ሞተር የለው፣ ጎማ የለው፣ ጡሩንባው እንኳ አያፏጭ።
አንድ ገመድ ነው፣ ድሮ ልብስ የተሰጣበት፣
ሃያ ሦስት ቋጠሮ ያለበት፣
በየቋጠሮው አንዲት ትንሽ እጅ የተንጠለጠለችበት።
ፊት ፊት እኔ፣ ከኋላ ዋሲላ፣
መሐል ላይ ጉልበቱን የሚያመው ሚስተር ሴፕቴምበር።

ሴፕቴምበር የቤተ ሰቡ ስም ነው፤
ያኔ ቅድመ አያቱን መርከብ አራግፎ ሲሸጠው
ማን ነህ ያለው አልነበረም፤ ገዢው የደረሰበትን ወር ሰጠው።
እሱ ግን ልጆቹን በወር አይጠራ፣ በቁጥር አይጠራ፣
በየስማቸው ነው ጠዋት ጠዋት የሚጣራ፦
"ኢልሃም! ክዌንተን! ታስኒም፣ የጫማሽ ክር ተፈታ!"

ቢጫ ሰደርያውን ትምህርት ቤቱ ነው ያደለን።
ጥይት አይመልስም፤
ርእሰ መምህሯም ስትሰጠን ዐይን ዐይናችንን አላየችን።
ባሌ ሳቀብኝ፦ "ይሄ ጨርቅ ምን ሊያድን?"
"ይታያል" አልኩት።
"እናት በቆመችበት መንገድ፣ ሰው ነውና ትንሽ ያፍራል።"
"ካላፈረስ?"
ሻዬን አማሰልኩ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

ከመንገዱ ወዲህ ያሉት ለወዲያኞቹ ጠላት ናቸው፤
ካርታ ያልጻፈው ድንበር ነው፣ ልጆቹ ግን ያውቁታል፤
ሲተኮስ በደረት መተኛትን
ከፊደል አስቀድመው ተምረውታል።

ማክሰኞ ዕለት፣ ከሱቁ ጥግ፣ ቆሞ አየሁት፤
ኮፍያው ቅንድቡን ሸፍኖ፣ አንድ እጁ ከሹራቡ ሥር፤
ምን እንደያዘ አልጠየቅኩም፣
ማን እንደሆነ ግን አወቅኩት።
ኢርፋን ነው። የሦስተኛው ቋጠሮ ልጅ።
ሁለተኛ ክፍል ሳለ መዳፉ ላብ በላብ ነበር፣
ያቺ ቋጠሮ ከሌሎቹ የጠቆረችው በሱ ላብ ነው።
ሲዘንብ ደግሞ ቀና ብሎ፣
"አክስት ፋልዲላ፣ የአውቶቡሱ ጣራ ያፈሳል" ይለኝ ነበር።

የቱ ጠዋት ነው የለቀቀው?
የቱ ጠዋት ነው ቆጥሬ፣ አንድ ጎድሎብኝ፣ "አሞት ይሆናል" ያልኩት?
በደጁ አልፌ ያላንኳኳሁት?

ገመዱ ቆመ።
ስሙን ጠራሁ፤ ድምፅ ይውጣኝ አይውጣኝ አላውቅም።
ቀና አላለም።
ለግድግዳው እንደሚነግር ሁሉ፦
"አክስቴ፣ ዛሬ በዚህ አትሂዱ።
በቤተ መጻሕፍቱ ዙሩ። ቶሎ።"

ዞርን።
ሚስተር ሴፕቴምበር በዚያ ጉልበቱ ሮጠ፤
ዋሲላ ማባዣ አስጀመረች፣ የሦስትን፣ ጮክ ብላ፤
ሦስት ጊዜ አምስት፣ ሦስት ጊዜ ስድስት፣
ሦስት ጊዜ ሰባት ላይ ስንደርስ
ከኋላችን ሰማዩ ተቀደደ።
ሁሉም ዝም አሉ።
ታስኒም ብቻ፣ "ሃያ አንድ" አለች፣
ገመዷን ጠበቅ አደረገች።

መዝገቡ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ነው፤
እስክሪብቶው እንዳይሰረቅ በሰንሰለት ታስሯል፤
ቀን፣ የተነሡ፣ የደረሱ፣ የቀሩ፣ ይላል።
የተነሡ፦ ሃያ ሦስት።
የደረሱ፦ ሃያ ሦስት፤ ፀጉራቸውን እየነካሁ ደግሜ ቆጠርኩ።
የቀሩ የሚለው ላይ ቆምኩ።
"ዜሮ በያ" አለች ርእሰ መምህሯ፣ ቁልፏን እያንኳኳች።
ከፖሊስ መኪናው ጩኸት ጋር አብሬ ጥቂት ጠበቅኩ፤
ክፍቱን ተውኩት።

ማታ ገመዱን አጠብኩ፣ አሸዋ ጠግቦ ነበርና፤
ሦስተኛዋን ቋጠሮ ግን ሳሙና አላስነካኋትም።
ነገ ከወትሮው ቀደም ብዬ እነሣለሁ፤
በእናቱ ደጅ በኩል ነው የማልፈው።
ከቤት አድሮ እንደሆን አላውቅም።
አንኳኳለሁ።